የሰባት ወር ልጅ

ችኩል ሰው ሲገጥመን «ምነው፣ የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» እንላለን። ከቀልዱ ኋላ ግን አንድ የቆየ እምነት አለ፤ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም የሚል። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት የጥንት ግሪኮች የሕክምና ጽሑፎች አንዱ የተጻፈው ስለዚሁ ስለ ስምንት ወር ልጅ ነው። ነገሩ እውነት አይደለም። ማኅፀን ውስጥ አንድ ወር መጨመር ልጁን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ግን እስቲ አስቡት፤ አዋላጇ የስምንት ወሩን ልጅ አይታ «ይሄ እንኳ አያድግም» ብላ ብትተወው ልጁ ይሞታል፤ ትንቢቱም ሰመረ ማለት ነው። ጨቅላን እያዩ «ይኖራል፣ አይኖርም» የማለት ታሪክ ከዚህ ጣጣ እስከ ዛሬ አልወጣም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1963 (በኛ ነሐሴ 1 ቀን 1955 መሆኑ ነው) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ሲቀረው ተወለደ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ገደማ ስለነበር በጣም ትንሽ የሚባል አልነበረም። ሳንባው ግን አልበሰለም። ቦስተን ወስደው ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት የሚሰጥበት ክፍል አስገቡት። የኃያል አገር መሪ ልጅ ነው፤ ምን ይደረግ፣ በተወለደ በ39 ሰዓቱ አረፈ። እናቱ ዣክሊን ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ከባሏ ጎን ቆማ አፄ ኃይለ ሥላሴን የተቀበለችው ከዚህ ሐዘን ሁለት ወር ሳይሞላት ነበር።

የሚያንገበግበው ይህ ነው፦ እዚያው ቦስተን ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች ሐኪም ከጄር ሚድ ጋር ሆና የበሽታውን ምክንያት ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1959፣ ደርሳበት ነበር። ትንፋሽ በወጣ ቁጥር የሳንባ ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ቅባት መሰል ነገር አለ። ያለወሩ የተወለደ ልጅ ይህን ገና በበቂ አላዘጋጀም። ምክንያቱ ታወቀ፣ መፍትሔው ግን አልነበረም። በ1972 የኒውዚላንዶቹ ሊጊንስና ሃዊ እናቲቱ ከመውለዷ በፊት የምትወጋው መርፌ የልጁን ሳንባ እንደሚያበስል አሳዩ። በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው ፉጂዋራ ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ቅባት ለጨቅላዎች ሰጠ። ዛሬ ቦስተን ውስጥ የፓትሪክን ያህል ልጅ ቢወለድ ይሞታል ብሎ የሚሰጋ ሐኪም ማግኘት ይቸግራል።

ጥያቄው አሁን ወደ 22 ሳምንት ወርዷል። በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለትንቢቱ ስሌት አወጡለት፤ ስንት ሳምንት ነው፣ ስንት ግራም ይመዝናል፣ ወንድ ነው ሴት (ሴቶቹ ይጠነክራሉ)፣ ነጠላ ነው መንታ፣ እናቲቱ ያንን መርፌ አግኝታለች ወይ። በሳምንት ብቻ ከመፍረድ ይሻላል። ታዲያ በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት የ24 የአሜሪካ ሆስፒታሎችን መዝገብ ቢያገላብጥ ምን አገኘ? በ22 ሳምንት ከተወለዱት የተረፉት 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ የማትረፍ ሕክምና ከተሞከረላቸው መካከል ግን 23 በመቶ። ለአብዛኞቹ አልተሞከረም። ለምን ቢባል፣ «አይኖሩም» ስለተባለ። የግሪኮቹ ስምንተኛ ወር በኮምፒዩተር ተመለሰ! ሁሌም ይሞከር ማለቴ አይደለም፤ ከሚተርፉት ከባድ ጉዳት ይዘው የሚያድጉ አሉ፣ ውሳኔውም ለወላጅ የከበደ ነው። ለወላጅ «5 በመቶ» ብሎ የቀረውን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ እኛስ? ከ2016 እስከ 2018 በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ያለወራቸው ተወልደው ከሞቱት 45 በመቶውን የገደላቸው ያው የፓትሪክ በሽታ ነው። ለሞቱ ካገዙት ነገሮች ደግሞ ከሁሉ የበዛው ብርድ ሆኖ ተገኘ። ለብርድ የፉጂዋራ ቅባት አያስፈልግም። በ1978 የቦጎታ ሐኪሞች ማሞቂያ ሣጥን ሲያጥራቸው ጨቅላውን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አድርገው አሰሩት፤ ሠራላቸውም። ያ የአሜሪካ ስሌት ከሚጠይቃቸው አምስት ነገሮች መካከል «ልጁ ሞቆታል ወይ?» የሚል የለበትም።