የጋፋት ልጆች፤ ከደብረ ታቦር እስከ ሊባኖስ ተራራ

ከጉና ተራራ በስተምዕራብ ከምትገኘው ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ይህ ስም በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። በትምህርት ቤት የሚነገረው፣ በቴአትር የሚታየው፣ በአዲስ አበባም በቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው ቆሞ የሚታየው ይኸው መድፍ ነው። ይሁን እንጂ ጋፋት መድፍ ብቻ አልነበረም። ሰዎች የኖሩበት፣ የተጋቡበት፣ ልጆች የወለዱበት መንደር ነበር። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ሲገኝ፣ የመንደሩ ሰዎች ግን ወደ አራቱ ማዕዘን ተበትነዋል። በብረትና በእሳት ሥራ ለሚተዳደር ባለሙያ ከመድፉ ይልቅ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የበለጠ የሚያሳስብ መሆን አለበት።

ደብረ ታቦርን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ መናገሻ ያደረጓት ራስ ጉግሣ መርሳ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸውም በኋላ እስከ ራስ ዓሊ ድረስ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆና ቆየች። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከጎንደር ይልቅ ደብረ ታቦርን መረጡ። ለዚህም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጎንደር የካህናትና የመኳንንት ከተማ ስትሆን ደብረ ታቦር ግን የጦር ሰፈር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ ዕቶን ይፈልጉ ነበር ብሎ መናገር ግን ትክክል አይሆንም፤ መጻሕፍትንም በብዛት ሰብስበው ነበርና።

በዚያው ዘመን በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ቅድስት ክሪስቾና በሚባል ኮረብታ ላይ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ነበረው። ወደዚያ የሚገቡት የከፍተኛ ትምህርት ሰዎች ሳይሆኑ አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ ብረት ሠሪዎችና የመሳሰሉት ባለ እጅ ሙያዎች ነበሩ፤ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነበር የታሰበው። የትምህርት ቤቱ መሥራች ሽፒትለር ከኢየሩሳሌም አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም አሥራ ሁለት ጣቢያዎች የሚያቋቁም «የሐዋርያት መንገድ» የተባለ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ዕቅዱ እንደታሰበው አልተፈጸመም። ነገር ግን ቀድሞ በኢትዮጵያ በሚሲዮናዊነት የኖረውና በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባ ባደረገው ጥረት፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስለን የተባሉት የእጅ ባለሙያዎች በ1848 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቴዎፊል ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሏቸው።

ይዘውት የመጡት በአማርኛ የተተረጐመውን መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፉን አልናቁም፤ የፈለጉት ግን እጃቸውን ነበር። ካህንማ በአገሩ ሞልቶ ነበር፤ ያልነበረው መንገድ የሚሠራ፣ ጠመንጃ የሚጠግን፣ መድፍ የሚያፈስስ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎቹ በጋፋት እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዚያም ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከክራኮው ከተማ የመጣው የአይሁድ ተወላጅ ሞሪትስ ሆል ተጨመሩ። ቀደም ብሎ በሰሜን በደጃዝማች ውቤ ዘንድ የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊና መሐንዲስ ኤድዋርድ ሳንደርም ከንጉሠ ነገሥቱ አገልጋዮች አንዱ ሆነ።

መድፍ ሥሩ የሚል ትእዛዝ በመጣ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ እንደማያውቁ ተናገሩ። ይህ ማመካኛ አልነበረም፤ እውነት ነበር። አንድ አናጢ ወይም አንድ ጠፍር ሠሪ የመድፍ ቀለጣ ከየት ያውቃል? ንጉሠ ነገሥቱ ግን «አላውቅም» የሚለውን ቃል የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም፤ ሞክሩ አሏቸው። ቫልድማየር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሥራው በሙከራና በውድቀት እንደተጀመረ፣ ከብዙ ድካም በኋላም እንደተሳካ ይተርካል።

የቀለጣ ሥራ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ውድቀት ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸገርም። እሳቱን የሚችል ሸክላ ካልተገኘ ዕቶኑ ራሱ ቀልጦ ይወርዳል። ወናፉ በቂ ነፋስ ካልሰጠ ነሐሱ ይለሰልሳል እንጂ አይፈስስም። ቅርጹ ውስጥ ጥቂት እርጥበት ቢቀር የሚንተከተከው ብረት ውሃውን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ በአካባቢው የቆመም ሰው ይቃጠላል። በዘመኑ በአውሮፓ እነዚህን ችግሮች የሚፈታ ፋብሪካና የብዙ ትውልድ ልምድ ነበር። በጋፋት ግን ሸክላው ከአካባቢው ተቆፍሮ፣ ከሰሉ ከደኑ ተከስሎ፣ ናሱ ከየቦታው ተሰብስቦ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው መጀመር ነበረበት። ቁፋሮውን፣ ከሰሉን፣ ወናፉን፣ ሸክሙን የሠሩት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የውጭዎቹ ባለሙያዎች ስም በጉዞ መጻሕፍትና በደብዳቤዎች ተመዝግቦ ሲቀር፣ የእነዚህ ሰዎች ስም የተጻፈበት ቦታ የለም።

ሥራው በተሳካ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭዎቹ ባለሙያዎች የክብር ልብስ፣ በቅሎና ብዙ ብር ሸለሟቸው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፋቅ ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይናቅና ይፈራ እንደነበረ ሲታሰብ፣ በአንድ ንጉሥ ፊት የብረት ሠሪ መሸለም ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበረ ይገባል። ነገር ግን ይህ ክብር ለእንግዳው እንጂ ለአገሬው ቀጥቃጭ መድረሱን የሚያሳይ ነገር አይገኝም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከጋፋት አርባ ዓመት በኋላ።

የተሸለሙትም ቢሆኑ ነጻ ሰዎች አልነበሩም። ለመሄድ ፈቃድ አያገኙም ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ግን ቤት መሠረቱ። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወለዳት ሱዛን ቫልድማየርን አገባች። ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 ንጉሡን ሲከላከል በጦርነት ሞተ። የሳንደርና የጎንደር ቤተ መንግሥት ወይዘሮ የነበሩት የእሴተ ወርቅ ልጅ ወለተ ኢየሱስ ደግሞ ሞሪትስ ሆልን አገባች። በጋፋት የተወለዱት ልጆች የእናቶቻቸውን አማርኛና የአባቶቻቸውን ቋንቋ ይዘው አደጉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው በሰፊው የሚታወቅ ስለሆነ ብዙ ማተት አያስፈልግም። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንሲሉ ካሜሮንና ሌሎቹ ታሰሩ፤ ራሳም መልስ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1866 መጣ። ለሙያ ሰው ግን ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ተለይቶ የሚታይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩት የጠየቁት ገንዘብ ወይም ጦር ሳይሆን የእጅ ባለሙያና መሣሪያ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም ሠራተኞችን ቀጥሮ ከነመሣሪያቸው ምጽዋ ድረስ ላከ። እስረኞቹ ካልተፈቱ አይወጡም ስለተባለ ባለሙያዎቹ በቀይ ባሕር ዳር ወራት ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከደብረ ታቦር ዕቶን የሚጠበቀው ዕውቀት በምጽዋ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ቀረ ማለት ይቻላል።

በ1859 ዓ.ም. የጋፋት ሰዎችም ጥርጣሬ ወደቀባቸው፤ ከመንደራቸው ተወስደው በደብረ ታቦር በቁጥጥር ሥር እንዲኖሩ ተደረገ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ የተሰየመው ሴባስቶፖል ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን ነበር፤ ይህንን ክብደት በጂዳና በበሽሎ ገደል ለማውረድና ለማውጣት መንገዱ ከፊቱ እየተቈረጠ መሄድ ነበረበት። ስድስት ወር ፈጀ። የሚጎትቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ የውጭ ባለሙያዎቹም መንገዱን በመሥራት ያገለግሉ ነበር። ከቦምባይ ተነሥቶ የመጣው የናፒየር ጦር በበኩሉ ከባድ መድፎቹን በአርባ አራት የህንድ ዝሆኖች አጓጉዞ ነበር፤ የዚህ ጦር መሐንዲሶች ግን በበሽሎ ላይ የተሠራውን የቴዎድሮስን መንገድ ባዩ ጊዜ አድናቆታቸውን አልደበቁም። ምናልባት ከጋፋት ሥራዎች ሁሉ እውነተኛው ድንቅ መድፉ ሳይሆን ይህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የጋፋት ሰዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ዙላ ወረዱ። ይህ ጉዞ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ነጻነት ጉዞ ይነገራል። ለአውሮፓውያኑ እንደዚያ ነበር። ለኢትዮጵያውያቱ ሚስቶች ግን ዘመድን፣ ርስትንና ቋንቋን ጥሎ ወደማይታወቅ አገር መሄድ ነበር። በዚያው ጦር ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ከተማ መሞቱ ይታወቃል።

ሳንደር በዚያው በአውሮፓ 1868 ዓመት ሞተ። ቫልድማየርና ሱዛን ወደ ሶርያ ምድር ሄደው በሊባኖስ ተራራ ላይ ተቀመጡ። የኩዌከሮች ማኅበር አባል የሆነው ቫልድማየር እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ይህ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ያስተምራል። ቀጥሎም በ1896 ዐስፉሪያ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ የአእምሮ ሕሙማን ብዙ ጊዜ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በደብረ ታቦርና በመቅደላ ሰንሰለት ምን እንደሆነ በዓይኑ ያየ ሰው ይህንን ሥራ መምረጡ በአጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ ምንም እንኳ ምክንያቱን ለእምነቱ ቢሰጥም። ቫልድማየር እ.ኤ.አ. በ1915 በሊባኖስ ዐረፈ።

ሞሪትስ ሆልና ወለተ ኢየሱስ በአውሮፓ ስሟ ካታሪና ተብላ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ በምትባለው በያፋ ከተማ ሰፈሩ። ከልጆቻቸው አንዱ ዳዊት ሆል ወደ እናቱ አገር ተመልሶ በአዲስ አበባ ኖሯል። በመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለደችው ሴት ልጃቸው ደግሞ ማግዳሌና ተባለች፤ ስሙ ከወንጌሉ ይሁን ከአምባው፣ ሁለቱም ይስማሙታል። ማግዳሌና በያፋ ሆቴል የነበረውን ሩስያዊ መኰንን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖፍን አገባች። ልጃቸው ዮና በለንደን የጀርመን ኤምባሲ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከእነርሱ ተለይቶ ለእንግሊዝ የስለላ ክፍል አገለገለ። የዮና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1921 በለንደን ተወለደ፤ እርሱም ተዋናዩና ደራሲው ፒተር ዩስቲኖፍ ነው። ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘውና ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በአምባሳደርነት ያገለገለው ይህ ሰው፣ በዘር ሐረጉ ውስጥ ኢትዮጵያ እንዳለች በኩራት ይናገር ነበር። ሞቶ የተቀበረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

እንግዲህ ከጋፋት የወጡት ልጆች ወዴት እንደደረሱ በዚህ ያህል ይታወቃል። በጋፋት የቀሩት ግን ወናፍ የነፉት፣ ሸክላ ያቦኩት፣ የቀለጠውን ነሐስ በቅርጹ ውስጥ ሲያፈስሱ ያዩት ናቸው። ደብረ ታቦር ከተቃጠለች በኋላ ዕቶኑ ዳግመኛ አልነደደም። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ወደ መቅደላ መድፉን ሲጎትቱ ሄደው ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹም ወደ እርሻቸው፣ ቀጥቃጭም ከሆኑ ወደ መንደራቸው ዳርቻ ወደምትገኘው ጎጆ ተመልሰው ማረሻና ማጭድ መሥራታቸውን ቀጥለዋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። በእነዚያ ጎጆዎች ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለልጁ እሳት የሚችለው ሸክላ ከየትኛው ጅረት ዳር እንደሚቆፈር ነግሮት ይሆናል።