ስሙ የሚያሳፍር ሰፈር

“ሰፈርህ የት ነው?” ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ጥያቄ “ስምህ ማነው?” ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣ ነው። መልሱ ግን ሁልጊዜ ቀጥተኛ አይደለም። የእሪ በከንቱ ልጅ “ፒያሳ” ይላል። የዶሮ ማነቂያውም “ፒያሳ” ይላል። የቄራው “ጎፋ አካባቢ” ብሎ ያልፋል። ቆሼ አጠገብ ያደገው ደግሞ “አየር ጤና” ብሎ ይገላገላል፤ ከቆሻሻ ክምር ጋር የተጎራበተው ሰፈር “አየር ጤና” መባሉን ልብ ይሏል። እኔም ከእነዚህ ወገን ነኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስመዘገብ “ዶሮ ማነቂያ” ብዬ ክፍሉን በሙሉ አሥቄአለሁ፤ መዝጋቢው መምህር ሳይቀሩ ሣቁ። በሚቀጥለው ዓመት ስጠየቅ “ፒያሳ” አልኩ። ማንም አልሣቀም።

ያ ሣቅ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል። አሁን ሰፈሩ በሌለበት ጊዜ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ስሞች ማን አወጣቸው? ምን ሊነግሩን ነበር?

ከቃሉ እንጀምር። “ሰፈር” ማለት ሠራዊት የሚሰፍርበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ ዙሪያ ስትቆረቆር ከተማ ሳትሆን የተተከለ ድንኳን ነበረች። ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየጉብታው ለመኳንንቱ ቦታ ተመራ፤ እያንዳንዱ መኰንን አሽከሮቹንና ወታደሮቹን ይዞ ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች እንዲህ መጡ። ሌላው ሰፈር በሙያ ተጠራ፤ ዘበኛ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር። ወሎ ሰፈርና ጎፋ ሰፈር ደግሞ የመጡበትን አገር ስም ይዘው ቀሩ።

ስም የሚሰጠው ባለ ጉብታው ነው። በጉብታና በጉብታ መካከል ያለው ቁልቁለት፣ ገደሉና የወንዙ ዳር ግን ባለ ማዕረግ ስላልነበረው ስሙን ያወጣለት የአላፊ አግዳሚው አፍ ነው። የአላፊ አግዳሚ አፍ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

እሪ በከንቱን እንውሰድ። ከፒያሳ ወደ ታች ሲወርዱ የሚገኝ ቁልቁለት ነበር። ሲነገር እንደኖረው ሌባና ቀማኛ የሚያደባበት ቦታ ስለነበረ፣ የተዘረፈ ሰው “እሪ!” ቢል የሚደርስለት አልነበረም፤ ጩኸቱ ከንቱ ነበር። ይህ ስም ቀልድ ብቻ አይደለም። ባገራችን ልማድ እሪታ የሰማ ሰው ያለ ምክንያት አይቀርም፤ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ የቀረ ይታማል። ታዲያ “እሪ በከንቱ” ብሎ ሰፈርን መጥራት ጎረቤቱንም፣ ዘበኛውንም፣ ከተማውንም መክሰስ ነው። ማመልከቻ ጽፎ የሚያስገባበት ያጣ ሰው አቤቱታውን በቦታ ስም አስመዘገበ ማለት ይቻላል። ከመቶ ዓመት በኋላ አቤቱታውን ረስተን ስሙ አሳፈረን።

የኔው ዶሮ ማነቂያ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አንዱ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ነው ይላል፤ ሌላው የተሰረቀ ዶሮ ድምፁ ሳይሰማ የሚታነቅበት ስለነበረ ነው ይላል። ባለ ዶሮዎቹ ሁለተኛውን፣ የሰፈሩ ልጆች አንደኛውን እንመርጣለን።

ውቤ በረሃ ደግሞ ሁለት ስም ያለው ሰፈር ነው። ቀን ቀን “ደጃች ውቤ” ይባላል፤ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም። ማታ ማታ “ውቤ በረሃ” ነው። ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞረ የሚያነጋ ሰው “በረሃ ገባ” የሚባልበት ዘመን ነበርና፣ የባለ ማዕረጉ ስም ከሽፍታ አገር ጋር ተዳብሎ ቀረ። እኔ እንደሚመስለኝ ከአዲስ አበባ ስሞች ሁሉ የዚህን ያህል የከተማዋን ጠባይ በሁለት ቃል የያዘ የለም።

የሠራተኛ ሰፈርን ነገር ግን በጥሞና ማየት ያሻል። ዛሬ “ሠራተኛ” የሚለው ቃል ክብር እንጂ ነውር የለበትም። ያን ጊዜ ግን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው የሚሰደቡበት፣ ቡዳ እየተባሉ የሚገለሉበት ጊዜ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ የከፋ ስለነበረ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ከአዋጁ በኋላም ለብዙ ጊዜ ስድቡ አልቀረላቸውም። እንግዲህ “ሠራተኛ ሰፈር ነው የምኖረው” ማለት አንድ ሰሞን እንደ ዶሮ ማነቂያ አንገት የሚያስደፋ መልስ ነበር። ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጆሯችን ነው።

ፋብሪካና መኪናም በከተማዋ ስሞች ውስጥ የራሳቸውን ድርሻ ይዘዋል። “ባቡር” የሚለው ቃል በጥንቱ አነጋገር ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም በሞተር የሚሠራ ነገር ይጠራል፤ የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው። ሰባራ ባቡርም እንደሚነገረው ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በምኒልክ ዘመን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ተሰብሮ የቀረበት ነው። ሥልጣኔ የተሰበረበትን ቦታ እንደ ሐውልት ስም ሰጥቶ ማቆየት የኛ ሰው ብልሃት ይመስለኛል። ነፋስ ስልክ ሽቦ ሳይኖረው በነፋስ ላይ የሚነጋገረው ሬድዮ ቴሌግራፍ ነው። ጎተራ የእህል ማከማቻው፣ ቄራ ከብት የሚታረድበት፣ ሲኤምሲ የኢጣሊያ የሥራ ተቋራጭ ኩባንያ፣ ዓለም ባንክ ደግሞ ለመኖሪያ ቤቶቹ ገንዘብ ያበደረው ባንክ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ያለው ምናለሽ ተራ ጠርሙስና ቆርቆሮ የሚለቅመው ሰው በየደጁ ለእመቤቲቱ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ከየቤቱ ወጥቶ፣ ተቀጥቅጦና ታድሶ እንደገና የሚሸጥበት ገበያ ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም።

አሁን ወደሚገርመው ነገር ልምጣ። ትርጉሙን የምናውቀው ስም ያሳፍረናል፤ ትርጉሙን የማናውቀው ግን ያኮራናል። ካዛንቺስ ምን ማለት ነው? በወረራው ዘመን ኢጣሊያ ለመንግሥት ሠራተኞቿ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበራት፤ “ካዛ” ቤት ነው፣ “ኢንቺስ” የተቋሙ ስም ምሕፃረ ቃል ነው። ፖፖላሬም እንዲሁ “ካዛ ፖፖላሬ” ከሚለው የመጣ ነው። መርካቶስ? በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ጦር ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ለመክፈል ሲያቅድ አበሻውን ከፒያሳ አስነሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ የተሰጠውም ገበያ “መርካቶ ኢንዲጄኖ” ተባለ፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ሁለተኛው ቃል አብሮ ወጣ፣ የመጀመሪያው ቀረ። “መርካቶ” ስንል የሚያፍር ሰው አላጋጠመኝም። በራሳችን ቋንቋ የራሳችንን ጩኸት የያዘው እሪ በከንቱ ግን ማመልከቻ ላይ አይጻፍም።

የነዚህ ሰፈሮች መፍረስ የትናንት ነገር ብቻ አይደለም። ሥሩ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋ ይደርሳል። ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትንንሾቹን ቤቶች ቀበሌ ያዛቸው። ኪራዩ በጣም ትንሽ ነበር፤ ለደኻው እፎይታ ሆነ። ነገር ግን ያ ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ አያስቀይርም ነበር። ተከራዩ “የመንግሥት ነው” ብሎ፣ ቀበሌው “በጀት የለም” ብሎ የጭቃው ግድግዳ ሠላሳና አርባ ዓመት ዘመመ። እኔ ያደግሁበት ግቢ ውስጥ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ባልዲ የማንደቅንበት ሌሊት አልነበረም። ሰፈሩ ይናፍቀኛል እንጂ ቤቱ ያምር ነበር ብዬ አልዋሽም። በዚያው ዘመን ስሞቻችንም ቁጥር ሆኑ። ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል። ለሚያፍር ሰው ቁጥሩ ደግ መሸሸጊያ ነበር፤ መታወቂያዬ ላይ ዶሮ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ሸራተን አዲስ በ1990 ዓ.ም. ሲከፈት ከፍል ውሃ በላይ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ነበር። ቀጥሎ ልደታ ተነሣ፤ ከፓርላማው ጀርባ ያለው ባሻ ወልዴ ችሎት ተነሣ። ሰንጋ ይሸጥበት የነበረው ሰንጋ ተራ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን አንዱ ከአንዱ እያስበለጡ የሚያቆሙበት ሆነ፤ ባንኮቹም አድራሻቸውን ሲጽፉ “ሰንጋ ተራ” ማለት አልከበዳቸውም። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ በወሩ በመጋቢት የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ ዶሮ ማነቂያንና እሪ በከንቱን ደረሰባቸው። ቀጥሎ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስም ተራው ደረሰ። ነዋሪው ቦሌ አራብሳና ገላንን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ።

ያ ሁሉ ሲሆን ማንም “ስሙ ስለሚያሳፍር ይፍረስ” አላለም። እውነት ለመናገር ግን መጥፎ ስም ያለው ሰፈር ሲፈርስ የሚያለቅስለት ከውጭ ብዙ ሰው አያገኝም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ጋዜጣው፣ ገጣሚውና ሠዓሊው ተንጫጫ። ስለ እሪ በከንቱ “ደግ ሆነ፣ የሌባ መሸሸጊያ ነበር” ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ ሰፈር ውስጥ ግን እንጀራ ጋግራ ልጅ ያስተማረች፣ ጫማ ጠግኖ ቤተሰብ ያስተዳደረ ነበር። ስማቸውን ያወጣላቸው የተዘረፈው መንገደኛ እንጂ እነሱ አይደሉም።

ስምን ማሳመርም ችግሩን አያስቀረውም። ቆሼን መንግሥት “ረጲ” ብሎ ሲጽፈው ኖረ፤ ሕዝቡ ግን ቆሻሻውን በስሙ ጠራው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት፣ ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩና ከክምሩ እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በዓመት ከግማሽ ገደማ፣ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። ጣቢያውም “ረጲ” ነው የተባለው። ከዚያ አደጋ በፊት በነበሩት ዓመታት ከተማው “ቆሼ” የሚለውን ቃል አፍንጫውን ይዞ ከማለፍ ይልቅ እንደ ማስጠንቀቂያ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ስም ከቦታው ተነቅሎ ይሄዳል ወይ? ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ ዳር የወጡት ጎረቤቶቻችን አሁን አድራሻቸው ብሎክና የቤት ቁጥር ነው፤ ሕንጻው ውኃና መጸዳጃ አለው፤ አሳንሰር የሌለበት አራተኛ ፎቅ ላይ የደረሳቸው አሮጊቶች ግን ወደ ታች መውረድ ትተዋል። ገበያው ሩቅ ነው፤ የታክሲው ሂሳብ ፒያሳ ሳሉ ለቁርስ ከሚያወጡት ይበልጣል። ግማሹ ሰው ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ስለደረሰው አንዱ ጎረቤት ከሌላው ጋር ለመገናኘት ከተማውን ከጫፍ ጫፍ ያቋርጣል።

እድሩ ግን አልፈረሰም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ አንድ አባል ጓዳ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ “ስሙን እንቀይረው፤ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ልጆቻችን ይሣቅባቸዋል” የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሦስት አማራጭ ተጠቁሞ፣ ብዙ ተወዝቶ፣ ሰው ተራበና ለሚቀጥለው ተላለፈ። ጡሩንባ ነፊያችን ጋሼ ድሮ ሰው ሲሞት ንጋት ላይ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ እየሄዱ ይነፉ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከነፉ የማይሰማ ቤት አልነበረም። አሁን እሳቸው ገላን ናቸው። ጡሩንባውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው በስልክ ነው የሚያረዱት፤ አንዳንዱ አያነሣም፣ አንዳንዱ ቁጥር ቀይሯል፤ ደጋግመው ይደውላሉ። ቁጥሮቹ የተጻፉት በልጅ ደብተር ላይ ነው። የደብተሩ ሽፋን ላይ፣ ስምና ክፍል የሚጻፍበት መስመር ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ “ዶሮ ማነቂያ” ተብሎ ተጽፏል።