ስክሪፕት መጻፍ ምን ይሠራልናል?

«መምህር፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቁልፍ በሚያልቅበት ዘመን ስክሪፕት ምን ይሠራልናል?» ስትሉኝ ከርማችኋል። ዛሬ በታሪክ ልመልስላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1995 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። የኮምፓይለር ኮርስ ፕሮጀክታቸውን በሊስፕ ቋንቋ ሲጽፉ እንቅልፍ አጥተው ተማረሩ። እሱን ትተው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጀመሩ። ጂምፕ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1996 ከነምንጭ ኮዱ በነፃ ለቀቁት።

ጂምፕ ገና ከጅምሩ ፕለጊን ይቀበል ነበር፤ ማለትም ዋናውን ፕሮግራም ሳትነካ የራስህን መሣሪያ ትቀጥልበታለህ። ችግሩ ፕለጊኑ በሲ ቋንቋ ስለሚጻፍ የሚደፍረው ጥቂት ሰው ነበር። በ1998 የወጣው ጂምፕ 1.0 ይህን ቀየረ። ምስል ማሳነስ፣ ማዞር፣ ጽሑፍ መጨመር፣ እያንዳንዱ ሥራ ስም ተሰጥቶት በአንድ መዝገብ ገባ። ስሙን የሚጠራ አጭር ጽሑፍ ከጻፍክ ጂምፕ ይታዘዝሃል። ይህ ስክሪፕት-ፉ ይባላል። የሚጻፍበትስ ቋንቋ? ስኪም፤ በ1975 በኤም አይ ቲ የተሠራ የሊስፕ ልጅ! ልጆቹ የሸሹት ቋንቋ በጓሮ በር ገባላችሁ። ኋላ ፓይተንም ተጨመረ።

ለእኛ ግን አንድ ነገር ይቀር ነበር፤ ፊደላችን። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይል ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ግዕዝን ሲያካትት ለ«ሀ» 4608 ቁጥር ተሰጣት፤ በየትኛውም አገር ኮምፒውተር ያችው ናት።

አሁን ወደ ቦንጋ እንምጣ። ዩኔስኮ በ2010 በባዮስፌርነት የመዘገበውን የካፋን ደን ፎቶ የምታነሱ ብዙ ናችሁ። ሦስት መቶ ፎቶ አሳንሶ በእያንዳንዱ ላይ በአማርኛ «ቡና»፣ በካፊኖኖ «ቡኖ» ብሎ መጻፍ በእጅ ከተሠራ ቀናት ይፈጃል። ስክሪፕት አንዴ ከተጻፈ እናንተ ቡና እስክታፈሉ ይጨርሰዋል። ከሁሉ በላይ፣ የካፊኖኖ ቁልፍ የሚያስገባ ኩባንያ እስኪመጣ አትጠብቁም።

ልፋት የለውም አልልም። በ2025 ጂምፕ 3.0 ሲወጣ በፓይተን 2 የተጻፉ የቆዩ ፕለጊኖች እንዳሉ መሥራት አቆሙ። ነገር ግን ጽሑፋቸው በእጃችን ስላለ የተማረ ሰው ከፍቶ ያስተካክላቸዋል። የተዘጋ ፕሮግራም ቢሆን የባለቤቱን ፈቃድ እንለምን ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፤ ቁልፉን ሌላ ሰው ለራሱ ሥራ ብሎ ሠራው፣ ስክሪፕቱን ግን እናንተ ለእናንተ ሥራ ትጽፉታላችሁ። ፎቶ ቤት የከፈታችሁ ልጆቼ፣ በየቀኑ የምትደጋግሙት አሰልቺ ሥራ የቱ ነው? እስቲ ከታች ጻፉልኝ፣ ከእሱ እንጀምር።