ከተጠመቁ በኋላ የሚመጣ ጥርጣሬ፦ ከታሪካችን ምን እንማራለን?



«ውስጡን ለቄስ» ይላል ያገራችን ሰው። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስል ነገር ውስጡ ሌላ ሆኖ ሲገኝ የሚነገር አባባል ነው። በሮቫ ቤት በምንኖረው የቤተ እስራኤል ልጆች መካከልም ከላይ ደህና መስሎ፣ ውስጡ ግን ለቄስም ለረቢም የማይነገር አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ራሱ፣ ወይም አባቱ፣ ወይም አያቱ ክርስትና ተነስቶ የነበረ ሰው ወደ አይሁድነት ከተመለሰ በኋላ በልቡ የሚመላለስ ጥርጣሬ ነው።

ምናልባት እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ይሆናሉ። በሰንበት በበይት ክኔሴት ቆመው ሲጸልዩ «እውነት ልቤ ተመልሷል ወይስ የተመለሰው ወረቀቴ ብቻ ነው?» የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። ልጅዎ ምጥ ሲይዛት «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ቃል ሳያስቡት ከአፍዎ ይወጣል። ወይም በግንባርዎ ላይ በልጅነትዎ የተነቀሱት መስቀል ስላለ ሻሽዎን ዝቅ አድርገው ያስራሉ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ «ያን ጊዜ የጸለይኩትን ጸሎት ማን ሰማው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ፣ ረጅም ታሪክም እንዳለው ለማሳየት ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማችን በመጻሕፍት ውስጥ

የዛሬዋ አሽዶድ የተቆረቆረችው በ1956 ነው። ስሟ ግን ከእርሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ከነበረችው ከጥንቷ የፍልስጥኤማውያን ከተማ የመጣ ነው። በክርስቲያኖች የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ የህንደኬን ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ እንዳጠመቀው ተጽፏል። ሊቃውንት የህንደኬን አገር በዛሬይቱ ሱዳን ከነበረው ከመርዌ መንግሥት ጋር ያገናኙታል፤ የአገራችን ክርስቲያኖች ግን ጃንደረባውን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተጠማቂ አድርገው ይቆጥሩታል። አጥማቂው ፊልጶስ ከዚያ በኋላ የተገኘው በአዛጦን ነው። አዛጦን ማለት አሽዶድ ናት።

ነህምያም በምዕራፍ 13 ላይ የአሽዶድን ሴቶች ያገቡ አይሁድን ያነሳል። ልጆቻቸው እኩሌታውን የሚናገሩት በአሽዶድ ቋንቋ ነበር፤ የአባቶቻቸውን ቋንቋ መናገር አቅቷቸው ነበር። እንግዲህ በሁለት ሃይማኖትና በሁለት ቋንቋ መካከል የመቆም ነገር በዚህች ምድር አዲስ አይደለም።

አባቶቻችን ለምን ተጠመቁ?

ብዙዎቻችን «ለምን ሃይማኖታቸውን ተዉ?» ብለን ስንፈርድ ምክንያቱን አንጠይቅም። በአገራችን ጥምቀት የእምነት ነገር ብቻ ሳይሆን የርስትም ነገር ነበር። በአፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1430) ርስት ያለመጠመቅ እንደማይገኝ መታወጁን ከጥንት የወረደ ታሪክ ይናገራል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ደግሞ በጦርነት የተሸነፉት ቤተ እስራኤል በግድ እንዲጠመቁ ተደረገ። የሚያስገርመው ግን ሱስንዮስ ራሳቸው በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ከገለጹ በኋላ ሕዝቡ ስላመፀ በ1632 የጥንቱን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሌላውን በግድ ያስጠመቀው ቤተ መንግሥት ለራሱም በሃይማኖት ተናውጦ ነበር ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለት ነገሮች ተደራረቡ። አንደኛው ሚስዮን ነው። በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው፣ ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሰው፣ ከለንደን ተልኮ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ እንዲሰብክ የፈቀዱለት ያመኑት ሰዎች በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ነበር። ስለዚህ በደምቢያና በአካባቢው የነበረ ተጠማቂ የተማረው ከፈረንጅ፣ የተጠመቀው ከቄስ፣ የተወለደው ከኦሪት ቤት ሆነ። ዘመዶቹ «ወጣ» አሉት፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ አዲስ ክርስቲያን አድርገው በጥርጣሬ አዩት። በ1862 አባ ማሃሪ ሕዝቡን እየመሩ ወደ ኢየሩሳሌም በእግር የተነሱት በዚሁ የጭንቅ ጊዜ ነበር፤ ብዙ ሰው በመንገድ አለቀ፤ ኢየሩሳሌምም አልደረሱም።

ሁለተኛው ክፉ ቀን ነው። ከ1888 እስከ 1892 ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ረሃብና ወረርሽኝ ተከተለ፣ ጎንደርም በደርቡሾች ተቃጠለች። መንደሮች ሲፈቱ ቄስ የሌለው፣ መስጊድ የሌለው፣ ወገን የሌለው ቤተሰብ በክርስቲያን መንደር ተጠግቶ ቀረ። እርሻና ዘመድ ያገኘው በጥምቀት ነው። ልጆቹ ደግሞ ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ተነሱ። በ40 ቀን ዕድሜ የተጠመቀን ሕፃን «ለምን ተጠመቅህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላልን?

ጥርጣሬ በሌሎችም ላይ ደርሷል

በ1878 አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎን እስላሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ክስ «ሰልመዋል» የሚል ነበር። የግድ ጥምቀት የተጠማቂውን ልብ ብቻ ሳይሆን የተመልካቹንም እምነት እንደሚያሳጣ ከዚህ እንረዳለን።

በአውሮፓም እንዲሁ ሆነ። በ1497 የፖርቱጋል አይሁድ በጅምላ ተጠመቁ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ከነዚህ ወገኖች በፖርቶ ከተማ የተወለደው ኡሪኤል ዳ ኮስታ በክርስትና አድጎ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ተምሮ፣ በወጣትነቱ መጠራጠር ጀመረ። አገሩን ትቶ ወደ አይሁድነት ተመለሰ። እዚያም ጥርጣሬው አልለቀቀውም፤ የረቢዎቹን ትምህርት ተቃወመ፤ ተወገዘ። በመጨረሻም ይቅርታ ሲጠይቅ በአምስተርዳም በበይት ክኔሴት ውስጥ በሕዝብ ፊት ተገርፎ፣ በደጃፉ ተጋድሞ ሰው እንዲረማመድበት ተደረገ። በ1640 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ጥያቄው አልገደለውም፤ ጥያቄውን ይዞ የሚጠጋበት ሰው ማጣቱና መዋረዱ ነው የጎዳው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌም አለ። በጀርመን አገር በማይንትስ ይኖሩ የነበሩት ረቢ ጌርሾም (በ1028 ገደማ አረፉ) ተጠምቆ የተመለሰን ሰው ያለፈውን እያነሳ የሚያሳፍረው ሰው እንዲወገዝ ደነገጉ። እርሳቸውም የራሳቸው ልጅ መጠመቁ ይነገራል። የቤቱ ቁስል ነበርና የሌላውን ቁስል አወቁ።

ታምራት አማኑኤል

ከራሳችን ወገን አንድ ሰው እንጥቀስ። ታምራት አማኑኤል በ1888 ገደማ በደምቢያ በጀንዳ ተወለዱ። ጀንዳ የሚስዮኑ ማዕከል ነበረች፤ ቤተሰባቸውም የተጠመቀ ቤተሰብ ነበር። በአሥመራ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ በ1904 ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች አገኟቸው። ከዚያም ወደ ፓሪስ፣ ቀጥሎም በፍሎረንስ ወደሚገኘው የረቢዎች ኮሌጅ ተላኩ። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆኑ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰደዱ፤ በኋላም አገራቸውን አገለገሉ፤ በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ።

የታምራት ሕይወት ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ከተጠማቂ ቤት የወጣ ልጅ የአይሁድ ልጆች መምህር ሆነ። ወደ አባቶቹ ቤት ሲገባ የተሰጠው ነገር መጽሐፍ፣ ጓደኛ፣ በኋላም የሚያስተምራቸው ልጆች ናቸው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማርን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ሰው ያላጠራውን ነገር ሌላውን ሲያስተምር ያጠራዋል።

የመመለሻው በር

በቤተ እስራኤል አፈ ታሪክ የምንኩስና ሥርዓትን ያቆሙት አባ ሳብራና፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ እንደ ነበሩ የሚነገርላቸው ጸጋ አምላክ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ኖሩ ይባላል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የተባሉት ጸጋ አምላክ ከክርስቲያን ቤት መጥተው በመካከላችን እንደ ቅዱስ ሰው ተከብረዋል። እንግዲህ ለተጠመቀ ሰው በሩ ጥንትም አልተዘጋም ነበር።

ወጥቶ ለተመለሰ ሰውም አባቶቻችን ሥርዓት ነበራቸው። ሰውየው ከመንደሩ ተለይቶ ሰባት ቀን ጥሬ ሽምብራ እየበላ ይጾማል፣ ራሱን ይላጫል፣ በወንዝ ውኃም ታጥቦ ይገባል። ልብ ይበሉ፦ መመለሱ የሚለካው በሚሠራው ሥራና በሚቆጠር ቀን ነበር።

በእስራኤል ነገሩ ከሕግ ጋር ተያያዘ። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አወጁ፤ በ1975 የመመለስ ሕግ እንዲሠራልን ተደረገ። ሆኖም በ1985 ረቢዎቹ «ለጥንቃቄ» በሚቅዌ እንድንጠልቅ ሲጠይቁ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በረቢኑት ሕንፃ ፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ሃይማኖቱን ላለመልቀቅ መከራ ያየ ሰው እንደገና ወደ ውኃ ግባ ሲባል ምን እንደሚሰማው ለመረዳት አያስቸግርም።

በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሲመጡ፣ የተጠመቁት ቤተሰቦች በአዲስ አበባ ቀሩ። በ1970 የተሻሻለው የመመለስ ሕግ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው በሕጉ እንዳይጠቀም ይላል። ስለዚህ በኋላ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡት፣ በ2003 በእናት ወገን እንዲቆጠር ከተወሰነው ውሳኔ ጀምሮ፣ በ2013 የመጨረሻው ነው እስከተባለው በረራና በ2020 እንደገና እስከተጀመረው ዘመቻ ድረስ፣ አብዛኞቹ የገቡት በመግቢያ ሕግ ነው፤ ከመጡም በኋላ በጊዩር ትምህርት አልፈዋል። ሁለት ጊዜ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው «የትኛው ነው እኔን ያደረገኝ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስነቅፈው አይደለም።

ሦስቱን ጥያቄዎች እንለያቸው

አንባቢ ሆይ፣ ጥርጣሬ ሲመጣብዎ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይመጣሉና ይለያዩአቸው።

አንደኛው የወገን ጥያቄ ነው፦ «እኔ የማን ነኝ?» ይህ በስሜት የሚፈረድ አይደለም። ረቢዎች ከጥንት ጀምሮ የወጣ አይሁዳዊ በመውጣቱ አይሁድነቱ እንደማይፋቅ አስተምረዋል። አንድ ቀን ልብዎ ስለቀዘቀዘ ወገንዎ አይለወጥም።

ሁለተኛው የልማድ ጥያቄ ነው። በጭንቅ ጊዜ ከአፍ የሚያመልጥ ስም፣ በግንባር ላይ ያለ ንቅሳት፣ ጥር 11 ሲደርስ ትዝ የሚል ዜማ፣ እነዚህ የኖሩበት አገር ምልክቶች ናቸው። ምላስ ከልብ ቀድሞ ይናገራል። በዚህ ራስዎን አይክሰሱ። ንቅሳቱን ያስነቀሱት እናትዎም የሚወዱዎት እናት ነበሩ።

ሦስተኛው እውነተኛው የእምነት ጥያቄ ነው። «ያን ጊዜ የጸለይኩትን ማን ሰማው?» የሚለው ከዚህ ወገን ነው። ለዚህ ቸኩሎ መልስ የሚሰጥዎትን ሰው አይመኑ። ቄሶቻችን የሰማይና የምድር ፈጣሪ የተጨነቀን ሰው እንደሚሰማ አስተምረውናል። ስሙን አሳስተው የጠሩት ሰው እንኳ ሲጮኹ ከሰማ ዘወር ይላል፤ ፈጣሪ ከሰው ያንሳልን? ቀሪውን ከሚያምኑት ቄስ ወይም ረቢ ጋር በጊዜ ይወያዩበት። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሻማውን ማብራት፣ ሰንበትን መጠበቅ፣ የታመመን መጠየቅ ይችላሉ።

ሳይጠመቁ የቆዩት ወገኖቻችን ምሬትም መረሳት የለበትም። ርስት ተነፍገው፣ ቡዳ እየተባሉ፣ ሰንበትን ጠብቀው የኖሩ ናቸው። «እኛ ስንነድ እናንተ የት ነበራችሁ?» ቢሉ እውነት አላቸው። ነገር ግን የልጅ ልጅን በአያት ጥምቀት ማሳፈር ያንን መከራ አይክሰውም። በአንድ ደረጃ ላይ የምንኖር ጎረቤታሞች በሠርግና በልቅሶ «የእነ እገሌ ዘር እኮ…» እያልን ማንሾካሾክ ብናቆም፣ የረቢ ጌርሾምን ድንጋጌ በሮቫ ቤት ፈጸምን ማለት ነው።

በየዓመቱ በሕሽቫን 29 ስግድን እናከብራለን፤ ከ2008 ጀምሮም በክኔሴት ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። ያን ቀን የዕዝራና የነህምያ መጽሐፍ ሲነበብ ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ ቃል ኪዳኑን ያድሳል። ቃል ኪዳን የሚታደሰው ስለሚላላ ነው። ያልላላለት ሰው ቢኖር ኖሮ በየዓመቱ ተራራ መውጣት ባላስፈለገ ነበር። ስለዚህ በሚመጣው ስግድ ጥርጣሬ ያለብዎ ወንድሜ፣ ሻሽዎን ዝቅ አድርገው የሚያስሩ እህቴ፣ ከኋላ አይቁሙ፤ ከሕዝቡ ጋር ይቁሙ።

ሰላም ለሁላችን ይሁን።