ወደ ጅቡቲ ለሚጓዙ የመዝናኛ ጠላቂዎች፦ ተጠባባቂ የአየር መሣሪያ አመራረጥ

ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሰመራ በኩል ወደ ጋላፊ የሚያመራው መንገድ በዋነኛነት የጭነት መንገድ ቢሆንም፣ በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለመጥለቅ የሚሄዱ ተጓዦችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። (የአዋሽ ወንዝ ራሱ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር፣ ድፍርስና አዞ የሚገኝበት በመሆኑ ለጠለቃ አይመረጥም።) እነዚህ ተጓዦች ተጠባባቂ የአየር መሣሪያ ሲመርጡ የመልሱን ጉዞ ዳገት ጭምር ማሰብ ይኖርባቸዋል።

በብዛት የሚታወቀው ተጠባባቂ ከዋናው ሲሊንደር ጋር የተያያዘው ሁለተኛ የአፍ መተንፈሻ፣ በጠላቂዎች አጠራር «ኦክቶፐስ» ነው። መሣሪያው አየር ያለቀበትን ጓደኛ ለመርዳት ያገለግላል፤ የራስ ሲሊንደር ባዶ ሲሆን ግን ከእርሱም የሚወጣ አየር አይኖርም። ከጓደኛው መራቅ የሚቀናው ጠላቂ የራሱ ሬጉሌተር ያለው ትንሽ ሲሊንደር ለብቻው መያዝ ይገባዋል።

የዚህ ሲሊንደር መጠን በስሌት እንጂ በመልክ አይመረጥም። በውኃው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር አየር የሚተነፍስ ሰው፣ በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን 80 ሊትር ይፈልጋል። በ200 ባር የተሞላ የግማሽ ሊትር ሲሊንደር የሚይዘው 100 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ጥልቀት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጡ ወደ ላይ መድረስ ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በ5 ሜትር ላይ የሚደረገው የሦስት ደቂቃ ቆይታም አለ። ባለ 3 ሊትሩ 600 ሊትር ስለሚይዝ ለተረጋጋ አወጣጥ ይበቃል። የደነገጠ ሰው እጥፍ ሊተነፍስ ስለሚችል ትርፉ እንደ ብክነት አይቆጠርም።

አየር አጥቶ በፍጥነት በወጣ ሰው አካል ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ወደ አረፋነት ሊለወጥ ይችላል፤ ወደ ከፍታ መውጣት ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል። ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ስትሆን አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ትጠጋለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። «አውሮፕላን አልተሳፈርሁም» ማለት በቂ አይደለም። ከበረራ በፊት የሚመከረውን ዕረፍት፣ ይኸውም አንድ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ እዚያው በባሕሩ ዳርቻ ማጠናቀቅ ተገቢ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ከተሰማ ጉዞው ተቋርጦ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

የተሞላ ሲሊንደር በአፋር ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢተው ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ሬጉሌተሩን ብቻ ይዞ ሲሊንደሩን በጅቡቲ መከራየት ይሻላል፤ መጋጠሚያው «ዮክ» ወይም «ዲን» መሆኑን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። የሆስፒታል ወይም የብየዳ ኦክስጅን በምትክነት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ጠላቂውን በድንገት ሊያንዘፈዝፈው ይችላል።