ከአየር እስከ ኤርባስ

ቦሌ አጠገብ ለሚኖር ሰው ከራሱ በላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን መለየት ከባድ አይደለም። የአብራሪዎቹ መስኮት ዙሪያውን ጥቁር ከተቀባና የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ከተቆለመመ ኤርባስ ኤ350 ነው። ትልቅ ሆኖ የሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ ከመሰለ ቦይንግ 787፤ ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ሆኖ ፕሮፔለር የሚያሽከረክረው ደግሞ የአገር ውስጡ ኪው 400 ነው። የስሞቹን ዘር መቁጠር ግን ጥቂት ያደክማል።

«አየር» የግእዝ ቃል ነው፤ ግእዝም ያገኘው ከግሪክኛው «አኤር» ነው። ያው የግሪክ ቃል ከብዙ ዘመን በኋላ «አውሮፕላን» ውስጥ ተሸሽጎ ሁለተኛ ገባ። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን የተቀበለችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ጣልያንኛው «አኤሮፕላኖ» በ«ኖ» ስለሚያልቅ የእኛው አጠራር ይበልጥ የሚቀርበው ለፈረንሳይኛው «አኤሮፕላን» ነው።

ሦስተኛው መግቢያ እንግሊዝኛ ነው፦ «ኤርባስ»። «ኤር» ያው አየር ነው። «ባስ»ስ? በላቲን «ኦምኒቡስ» ማለት «ለሁሉም» ማለት ነው። በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ ማንም ከፍሎ የሚሳፈርበት የፈረስ ሠረገላ በዚህ ስም ተጠራ። ቃሉ በሰው አፍ ሲያጥር ዋናው ክፍል ተቆርጦ «ቡስ» የተባለው የሰዋስው ቅጥያ ብቻ ቀረ። «ለሁሉም» ከሚለው ቃል «ለ»ን ብቻ አስቀርተን እሷኑ እንደ መሳፈር ነው! «አውቶቡስ» የወጣው ከዚሁ ጭራ ነው። እንግዲህ አንበሳ አውቶቡስና ከላዩ የሚያልፈው ኤርባስ በስም ዘመዳሞች ናቸው።

«ቦይንግ» የመሥራቹ የዊልያም ቦይንግ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም። «ኪው» ግን በእንግሊዝኛ «ጸጥተኛ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ከሥሩ ለሚኖር ሰው ቀልድ ሳይመስለው አይቀርም።

የበረራ ተቆጣጣሪዎች አውሮፕላኑን የሚለዩት እንደ እኛ አንጋጠው አይደለም። አብራሪው በመሣሪያው ላይ የሚሞላው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ራዳሩ ላይ ይታያቸዋል። ቁጥሩ በሙያው ቋንቋ «ስኳክ» ይባላል፤ የበቀቀን ጩኸት ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዳጅን ከጠላት የሚለየው የእንግሊዞች መሣሪያ የምስጢር ስሙ «በቀቀን» ስለነበር ነው።

ግሦቹን ከማንም አልተዋስንም። በረራም አብራሪም ማረፊያም ድሮ ለወፍ ከምንላቸው «በረረ» እና «ዐረፈ» የወጡ ናቸው።

«አይሮፕላን» የሚለውን ሰው «አውሮፕላን በል» ብለው የሚያርሙ አሉ። እርማቱ አያስፈልግም። «አይሮፕላን» ባዩ በቃሉ ውስጥ «አየር»ን ሰምቶ ከሆነ ትክክል ሰምቷል፤ መዝገበ ቃላትም ሁለቱን አጠራሮች እኩል ሊይዝ ይገባል።