የካሴት ዘመን የፊልም ተማሪዎች

1,000 ጫማ ርዝመት ያለው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ጥቅል በሰከንድ 24 ምስል እየተቀረጸበት 11 ደቂቃ ላይ ያልቃል። ያለቀው ጥቅል ብርሃን ሳይነካው ታሽጎ ወደ ላብራቶሪ ይላካል፤ ይታጠባል፤ ኮፒ ይወጣለታል። ካሜራ ማኑ የቀረጸውን በዓይኑ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ጥቁርና ነጩ «ሂሩት አባቷ ማነው?» በዚህ መንገድ አልፏል። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ም እንዲሁ። ፊልም መሥራት ብዙ ገንዘብና ላብራቶሪ በሚጠይቅበት በዚያ ጊዜ፣ ተማሪ ሆኖ ፊልም የሚሠራ ሰው ካለ ዕድሉን ያገኘው ትምህርት ቤቱ ካሜራውንም ላብራቶሪውንም ስላቀረበለት ነው።

ኃይሌ ገሪማ እንዲህ ያለ ተማሪ ነበር። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲቀርጽ ገና በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ መንግሥት በሚናድበት ዓመት፣ በትምህርት ዕረፍቱ አገሩ ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸው። የተቀረጸውን ይዞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊልሙ በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ። ይህን ፊልም ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አሳያለሁ። ዛሬ በስልካቸው ግማሽ ቀን ሙሉ ቀርጸው የትኛውን እንደሚያስቀሩ ለሚቸገሩ ልጆች፣ በሁለት ሳምንት የተቀረጸ የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ቡራዩ ከታ የምኖር የፊልም ኤዲተር ነኝ። መጻፍ የፈለግሁት በኃይሌ ትውልድና በዛሬዎቹ ልጆች መካከል ስላለው የካሴት ዘመን ነው። ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ሲወራ ወሬው ከፒያሳና ከአምባሳደር ሲኒማ ብዙም አይርቅም። ኮምፒውተር ላይ ፊልም መቁረጥ የተማረው ሰው ግን ከአስኮ በኋላ፣ ከአዲሱ ገበያ በኋላ፣ ከአየር ጤና በኋላ ባሉት ከተሞችም ነበረ። ትምህርቱን የጀመረውም በሰርግ ቪዲዮ ነው።

በ1980ዎቹ ሰበታም ቡራዩም ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። በግርግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተወጠረበት ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቪዲዮ ዴክ። ቀን የህንድ ፊልም፣ ማታ የአሜሪካ። ያ ዴክ የሰርጉ ወር ጥር ሲገባ ሌላ ሥራ ነበረው። ትከሻ ላይ የሚቀመጠው የቪኤችኤስ ካሜራ ከሰርግ ቤት ሲመለስ፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሁለተኛ ዴክ ተውሶ ያመጣና መቁረጥ ይጀምራል። እኔ ሙያውን ያየሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንለው ነበር፤ ስሙን መጻፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ እዚህም ጋሼ ይሁን።

የሁለት ዴክ ኤዲቲንግ ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። አንዱ ዴክ ያጫውታል፤ ሌላው ይቀዳል። የምትፈልገውን ቦታ ፈልገህ ታቆማለህ፤ ሁለቱን እኩል ትለቃቸዋለህ፤ ሲበቃህ ታቆማለህ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ከዚያ መኪናው፣ ከዚያ ድንኳኑ፣ ሁሉም በተራው ወደ አዲሱ ካሴት ይገለበጣል። ሥራው አልቆ የሙሽራው እናት «የኔ ወንድም ምርቃቱ ላይ የለምሳ?» ካሉ፣ መሀል ላይ ማስገባት የሚባል ነገር የለም። ወይ በሌላ ምስል ላይ መድረብ ነው፣ ወይ ከዚያ ቦታ ጀምሮ ያለውን ሁሉ እንደገና መቅዳት። በሌላ በኩል ካሴቱ በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፤ የቅጂ ቅጂ ላይ ሲደረስ የሙሽራዋ ቀይ አበባ ከጠርዙ አልፎ ይፈስሳል። ስለዚህ ጋሼ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት የዴኩን ቆጣሪ ቁጥር በደብተር ላይ እየጻፈ ቅደም ተከተሉን ይጨርስ ነበር። «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እይ። ከዚያ ጻፍ። እጅህ ማሽኑን የሚነካው በመጨረሻ ነው» ይለኝ ነበር። ይህ ልማድ ኃይሌ ገሪማን በሁለት ሳምንት ካስጨረሰው ልማድ ጋር ዘመድ ነው። ሁለቱንም ያስተማረው የዕቃው እጥረት ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና የዘመኑ ሌሎች ፊልሞች ሲኒማ ቤቶችን ሞሉ። በየደጃፉ ሰልፍ ተያዘ። እኛም ሰልፉ ውስጥ ነበርን፤ ከታሪኩ በላይ ልባችንን የሳበው ግን ፊልም በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጾ ለሕዝብ መታየት መቻሉ ነበር። ሰርግ የሚቀርጽ ሁሉ ራሱን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ የቪዲዮና የፊልም ማሠልጠኛዎች በረከቱ፤ የማታ ክፍለ ጊዜያቸው ቀን ሥራ ለሚውለው ሰው ተመቸ። እኔም ከቡራዩ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ተመዘገብኩ።

በማሠልጠኛው የነበሩት ኮምፒውተሮች ለሁላችንም አይበቁም ነበር። የመመረቂያ ፊልማችንን የቆረጥነው ጋሼ ቤት፣ ለሰርግ ሥራ በገዛው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዳይሬክተሯ የሱሉልታ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ወተትና ድርቆሽ ይሸጣሉ፤ ታሪኩም ጎህ ሳይቀድ ወተት ይዘው እንጦጦን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ስለሚወርዱ እናት ነበር። ተዋናዮቹ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ እዚያ ያለው ኑሮ እንደዚያ ስለሆነ ለመቀየር ማናችንም አላሰብንም።

የቀረጽነው በሚኒ ዲቪ ነው። ዛሬ ያሉ ልጆች ካሴቷን ሲያዩ ከክብሪት ሳጥን ብዙም ስለማትበልጥ ይገረማሉ። አንዷ 60 ደቂቃ ትይዛለች፤ ምስሉ በዲጂታል ስለሚጻፍ ቢገለበጥም አይደበዝዝም። ለጋሼ ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ግን ካሜራው በፋየርዋየር ገመድ ተያይዞ ካሴቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት አለበት፤ የአንድ ሰዓት ካሴት ካፕቸር ለማድረግ አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ምስል 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። የጋሼ ሀርድ ዲስክ ደግሞ የሰርግ ሥራ ሁልጊዜ እንደሞላው ነው። ስለዚህ ደብተሩ ተመለሰ። ካሴቶቹን ሁሉ ካሜራው ላይ አይተን፣ የታይም ኮዱን ቁጥር ጽፈን፣ የሚያስፈልገንን ብቻ አስገባን። የሁለቱ ዴክ ትምህርት ኮምፒውተር ሲመጣ አላረጀም፤ እንዲያውም ከተማሪዎቹ ሁሉ ቀድመን የጨረስነው በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ።

ፕሪሚየር የሚባለውን የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ያስተማረን ማንም አልነበረም ማለት ይቻላል። መርካቶ በሲዲ የሚሸጥ ቱቶሪያል ነበር፤ እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፤ እያቆምን እንሰማለን። ታይምላይን ላይ መሀል መክፈት፣ ቀሪውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት መግፋት እንደሚቻል ጋሼ ያየ ዕለት ዝም አለ፣ ከዚያ «ስንት ሌሊት!» አለ። ሬንደር የምናደርገው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነበር፤ ቀን መብራት ሲጠፋ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራልና።

አብዝቼ የማስታውሰው የድምፁን ሥራ ነው። ድምፁን የያዘልን ጓደኛችን የሰበታ ልጅ፣ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማረ ዓይነ ስውር ነው። ኮምፒውተር የሚጠቀመው ጆውስ በሚባል የስክሪን ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ነበር። ኤዲት የተደረገውን ስናሰማው እኛ ምስሉ ስላማረን ያላስተዋልነውን ይነግረናል፤ «እዚህ ጋ ክፍሉ ተቀየረ» ይላል። የሚለው እውነት ነው፤ እናትየዋ የምትናገርበትና ልጇ የምትመልስበት ቀረጻ በተለያየ ሰዓት ስለተወሰደ፣ አንዱ ላይ የሩቅ ወፍጮ ቤት ድምፅ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። መፍትሔውንም ያመጣው እሱ ነው። እዚያው ሱሉልታ ቤት ተመልሰን፣ ማንም ሳይናገር፣ የክፍሉን ዝምታ ብቻ ቀዳን። ያንን ድምፅ በሁሉም ቁራጭ ሥር ዘረጋነው፤ መገጣጠሚያው ጠፋ። በዓለም ያሉ የድምፅ ባለሙያዎች ሁሉ ይህን እንደሚያደርጉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ዛሬ ለማስተምራቸው ልጆች የመጀመሪያው የድምፅ ትምህርት እሱው ነው፤ ስክሪኑን አጠፋለሁ፣ እንዲያዳምጡ አደርጋለሁ።

የፊልሙን ስም መጻፍም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ግን ገና አልደረሰም። የምንጠቀምበት ፎንት ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዋናዮቹ ስም የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ፎቶሾፕ ላይ ጽፈን እንደ ፎቶ አስቀምጠን ወደ ፊልሙ አስገባን። የስማቸውን ፊደል በትክክል ለማሳየት ብለን ብዙ ሌሊት አደርን፤ ዛሬም ቢሆን አደርግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የካኖን 5ዲ ማርክ 2 ፎቶ ካሜራ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሰርጉንም የፊልሙንም መልክ ቀየረ። መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ይቀርጽ ነበር፤ የእኛ ቴሌቪዥን በ25 ነው የሚሠራው። ድምፁም ደካማ ስለነበር ለብቻ መቅጃ ተያዘ፤ ድምፁን ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም ክላፕ መምታት የግድ ሆነ። የጫድን ፊልሞች «አቡና»ን እና «ዳራት»ን የቀረጸው አብርሃም ኃይሌ ብሩ አዲስ አበባ ላይ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን ከፈተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ፊልምን በሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ሙያው በትምህርት ቤት መልክ ተያዘ፤ ደስ ይለኛል።

ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ተማሪዎቼ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የኤዲቲንግ ሶፍትዌር በነፃ ያወርዳሉ፤ ቱቶሪያሉ ከቴሌግራም ይመጣል፤ ርዕሱን በዩኒኮድ በቀጥታ ይጽፋሉ። ዕቃው ስለማያስጨንቃቸው ደብተር መያዝ ያስቸግራቸዋል፤ እኔም በዚያ አልለቃቸውም።

የሚያሳስበኝ ካሴቱ ነው። በእነዚህ ከተሞች ፎቶ ቤቶች ጓዳ በካርቶን የተደረደረ ቪኤችኤስና ሚኒ ዲቪ አለ። የመመረቂያ ፊልሞች አሉበት፤ ሰርጎች አሉበት፤ ዛሬ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም የቆመበት የሱሉልታ ሜዳ አለበት። የጋሼ ካርቶኖች እኔ ጋ ናቸው። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የፋየርዋየር መሰኪያ የላቸውም፤ ካሴቱን የሚያነበው የካሜራዎቹ ጭንቅላትም እየተበላ ነው። ካርቶን ያላችሁ ባለ ፎቶ ቤቶች አትጣሉት። በየካሴቱ ላይ ማን እንደቀረጸው፣ የትና መቼ እንደሆነ ባለቤቱ ሳይረሳ ጻፉበት። የሚሠራ የሚኒ ዲቪ ካሜራ ያለው ሰው ያውሰን። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ዛሬም አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የጋሼን ብቻ እንኳ ገና ግማሹን አልጨረስንም።